አሥራ ሁለት ክንድ በረንዳ

«ጋሽዬ! ውጣ እንጂ! ቅዳሜ አልኩህ፣ ይኸው ቅዳሜ መጣሁ!»

ሰውየው ይህን የሚጮኸው ጣውላ እስከ አናቱ ከተጫነ ፒካፕ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ ነው። ክላክሱን ሦስት ጊዜ አስጮኸው፤ ከዚያ ዘሎ ወርዶ የግቢውን በር በእግሩ ገፋ አደረገና ገባ። ገባና ባለበት ደርቆ ቀረ። በየአግዳሚ ወንበሩ የተደረደሩ ጥቁር የለበሱ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ካፋቸው ሳያደርሱ እሱን ያዩታል።

«ምነው? ምን ሆናችኋል?» አለ።

የመለሰችለት በሩ አጠገብ የነበረችው ልብስ አጣቢ ናት። «ጋሽ በክንዴ አረፉ እኮ» አለችው ቀስ ብላ። «ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ እዚያው አፈር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና፣ «ወይኔ ጋሽዬ! በዕድሜዬ አንድ ቀን ቃሌን ባከብር እንዲህ ትሠራኛለህ?» ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው።

እግዜር ይቅር ይበለንና፣ አንዳንዱ ለቀስተኛ ፈገግታውን በመሐረብ ሸፈነ። ሰውየውን ሁሉም ያውቀዋላ! ሥራው ኮንትራክተር ነው፤ ስሙ ግን «ነገ» ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ይኖራል፣ ማንም አይጠራበትም እንጂ። መቼ ትመጣለህ ሲሉት «ነገ»፣ መቼ ትጨርሳለህ ሲሉት «ነገ»። ጣሪያውን ከፍቶ የሄደበት አንድ ሰው ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዞ እራት በልቷል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ነገን ስለማውቀው ግን አልጠራጠርም።

እታለም ጩኸቱን የሰማችው ቤት ውስጥ፣ በትልቁ መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው። የሟች ሚስት ናት። ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት ልጇ ደግፋ እስከ በሩ አወጣቻት። ፒካፑን አየች። ጣውላውን አየች። ከዚያ የሰዉን ዓይን አየች፤ ሁሉም ጣውላውን ትቶ እሷን ያያል። ለምን እንደሚያያት ወዲያው ገባት፣ ፊቷም ጋለ።

ነገሩ የአርባ ዓመት ነገር ነው። እታለም በረንዳ ትፈልጋለች። የቤታቸው በር ሲከፈት ሁለት ደረጃ አለ፣ ከዚያ አፈር ነው፤ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲበራ ንዳድ። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ደግሞ ሰው ማየት የምትወድ ሴት ቤት ውስጥ ታሽጋ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ በድምፁ ብቻ እየለየች መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። «በረንዳ ቢኖረኝ እኮ ቁጭ ብዬ ሰው አያለሁ» ትላለች። ባሏ «በረንዳ የሥራ ፈት ነው» ይላል። እሷ ትደግማለች፣ እሱ ይደግማል። ባለፈው ማክሰኞ ግን ነገሩ ከረረ።

«በረንዳ ካማረሽ በረንዳ ያለው ባል አግቢ!» አላት።

«ግድ የለም! አንተ ስትሞት እሠራዋለሁ!» አለችው።

«ቶሎ አልሞትልሽማ!» ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ።

ይህን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ መልሰው አይውጡት ነገር። ሁለት ቀን ተኳርፈው ዋሉ፣ ተኳርፈው አደሩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋደም ልበል ብሎ ተኛ፤ በዚያው አልተነሣም። አሁን ደግሞ በሦስተኛው ቀን ኮንትራክተር ጣውላ ጭኖ በሯ ላይ ቆሟል። ሰው ምን ይበል?

ሰውማ ብሏል። «ሰባት ቀን እንኳ አትጠብቅም?» አለች አንዷ። «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አለች ሌላዋ፣ ይበልጥ በሚሰማ ድምፅ።

የሟች ታላቅ ወንድም ተነሣ። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው፤ ቁመቱ የሰልፍ ባንዲራ መስቀያ ያህላል፣ ሲናገርም ተማሪ ያሰለፈ ይመስለዋል።

«እታለም። ይህ እንጨት ምንድን ነው?»

«እኔ አላውቅም ወንድምጋሼ።»

«ኮንትራክተር ጠርተሽ አታውቂም?»

«አልጠራሁም! ልጄን ይንሣኝ!» ባሏን ቀብራ፣ ስሟንም አብራ ልትቀብር ነው።

ነገ ይህን ሲሰማ ለቅሶውን እንደ ቧንቧ ዘጋው። «እንዴ! እትዬን ምን አድርጉ ነው የምትሏቸው? ያዘዘኝ እሱ ነው እኮ! ጣጣውን ሁሉ ጨርሶ፣ ወረቀት ጽፎ!» ብሎ ከባርኔጣው ገበር ውስጥ የታጠፈ ወረቀት መዥረጥ አደረገ።

ዲሬክተሩ መነጽሩን አጠለቀና ጮክ ብሎ አነበበው።

«ርዝመት፣ አሥራ ሁለት ክንድ። ወርድ፣ አራት ክንድ። ቁመት፣ አምስት ክንድ። ማሳሰቢያ፦ ሁሉም በክንዴ።» መነጽሩን ዝቅ አደረገ። «በክንዴ የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።»

ልብስ አጣቢዋ አመለጣትና ሳቀች። ከሷ ወዲያ ማን ይገታ!

ሟች አርባ ሁለት ዓመት ጨርቅ ሸጧል። በዚያ ሁሉ ዓመት ሱቁ ውስጥ ሜትር ገብቶ አያውቅም፤ «ሜትር የማይተማመን ሰው መለኪያ ነው» ይላል። ክንዱን ጨርቁ ላይ ያጋድማል፣ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ አንድ፣ እንደገና ሁለት። «ትንሽ ጨምርልኝ» ካሉት ያብዳል። «አንዲት ጣት አልጨምርም! ምራቂ ካማረሽ ማዶ ያለው ሱቅ ሂጂ!» ጋሽ በክንዴ የተባለው ለዚህ ነው። በዚህ ዓለም ላይ በረንዳ በክንዱ የሚያዝ ሌላ ፍጡር የለም።

«ይሄማ የሱ ነው» አለ ዲሬክተሩ፣ የሰልፍ ድምፁ ጠፍቶበት።

እታለም ወረቀቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው። «እንዴት አድርጎ አዘዘህ?» አለች።

«አይ እትዬ! ማዘዝ ብቻ መሰለዎት? አሥራ አንድ ቀን አሠቃይቶኛል!» ነገ ሻይ ተሰጥቶት ትንፋሹን ሰበሰበ። «መጀመሪያ ቀን መጣና በረንዳ አለኝ። ሜትሬን ሳወጣ ይሄን ነገር ወዲያ በልልኝ ብሎ ይቺን ወረቀት ጻፈ። መቼ ትጀምራለህ ሲለኝ ነገ አልኩት፣ ያው እንደ ልማዴ። በነጋታው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወርክሾፑ በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ነገ አልከኝ፣ ይኸው ነገ ሆነ አለኝ። በማግሥቱም፣ በማግሥቱም! ሌባ እንኳ እንደዚያ አይጠበቅም። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጋሽዬ ቅዳሜ ካልመጣሁ እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩለት። እናቴን ደግሞ እወዳታለሁ።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እታለም ግን አልሳቀችም። አሥራ አንድ ጠዋት። አሥራ አንድ ጠዋት ሙሉ ባሏ ሳይነጋ እየተነሣ «እግሬን ላፍታታ» እያለ ሲወጣ፣ እሷ አልጋ ውስጥ ሆና፣ እግር አለኝ ብሎ ነው እግር የሌላትን ጥሎ የሚሄደው እያለች ስትበግን ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ቁርሱን ሆን ብላ አቀዝቅዛ ሰጥታዋለች። ዝም ብሎ በላው፤ እንዲያውም ጎሽ የሚል ይመስል ነበር።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ትንሽም ደስ ብሏታል። ስሟ ድኗል። ግን አንድ ነገር ይከነክናታል። ባሏ በረንዳውን ያዘዘው ከማክሰኞ በፊት ነው። ማክሰኞ ያንን ቃሏን ሰምቶ፣ አኩርፎ፣ ቂም ይዞባት ሄዶ ቢሆንስ? የዚህን መልስ ማን ይነግራታል? ከዚህ ሌላ ማወቅ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

ዲሬክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «መልካም። ያዘዘው እሱ መሆኑ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ሐዘን ቤት ውስጥ መዶሻ አይሰማም። እንጨቱ ይመለስና ከወር በኋላ…»

«ችግር የለም ጋሼ» አለ ነገ ፈጠን ብሎ፣ ወደ ፒካፑ እያየ። «እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ ትንሽ ሥራ አለችኝ። ምን ማለትዎ ነው፣ ነገ…»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለ ግቢው በአንድ ድምፅ።

እታለም ይህ ሰው ዛሬ ከዚህ ግቢ ከወጣ እስከ ምጽአት እንደማይመለስ አወቀች። ሁሉም አወቀ። የበሩን መቃን ይዛ ቀና አለች። «ወንድምጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንድምዎ አሥራ አንድ ጠዋት ደጅ ጠንቶ ያመጣውን ሰው እኔ አልመልስም። ለቅሶውም ይለቀሳል፣ በረንዳውም ይሠራል። ሚስማሩን ምታ አንተ!»

ዲሬክተሩ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ ያለ ፈቃድ የተናገረ ተማሪ ገጥሞት አያውቅም፤ የወንድሙ ሚስት ግን ተማሪው አይደለችም።

ቅዳሜ ማታ ጉድጓድ ተቆፈረ። እሑድ ጠዋት ቋሚዎቹ ተተከሉ፣ አግዳሚዎቹም ላያቸው ላይ ተጋደሙ። እግዜር ያጽናሽ ሊል የመጣ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ፣ ሦስተኛው ላይ ተነሥቶ አስተያየት ይሰጣል። «እቺ ቋሚ ዘመመች።» «ኧረ ያንተ አንገት ነው የዘመመው!» ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ጎረቤታሞች አንድ ወራጅ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲያልፉ ታዩ። ለቀስተኛው ሁሉ ጥቁር ልብሱ ላይ የመጋዝ ብናኝ ነው።

ዲሬክተሩ ነገሩን ከላይ ሆኖ ለመቆጣጠር ወደ ሥራው ጠጋ አለ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አገጩን አቅንቶ፣ በአዲሱ በረንዳ ሥር ሊያልፍ ሲል ግንባሩ ከአግዳሚው ጋር ተላተመ። ድምፁ እስከ መንገድ ተሰማ።

«ይህ በረንዳ ነው የዶሮ ቤት?» አለ ግንባሩን ይዞ።

ነገ መሰላሉ ላይ ሆኖ ወደ ታች አየ፣ ወደ ወረቀቱም አየ። «አምስት ክንድ ይላል። አምስት ክንድ ነው የቆረጥኩት።»

«በማን ክንድ?» አለች እታለም ከበሩ ላይ።

«በማን ማለት?»

«ሰውዬ፣ እንጨቱን ስትቆርጥ በማን ክንድ ለካህ?»

ነገ ክንዱን ዘርግቶ አየው። ነገ ደግሞ ከወገቡ በላይ ሰፊ፣ ከዚያ ውጭ ሁሉ ነገሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። «በኔ» አለ ቀስ ብሎ። «ክንድ ክንድ ነው ብዬ ነዋ!»

ይህን ጊዜ የሆነውን ሳቅ መናገር ይከብዳል። ዲሬክተሩ ሳይቀር፣ ከዚያ ካበጠ ግንባሩ ሥር፣ አፉ እየተጣመመ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም አንድ ነገር ገባው። ወረቀቱ በክንዴ ይላል፤ ያ ክንድ ደግሞ አፈር ውስጥ ነው። ነገ መሰላሉ ላይ ተቀመጠ፣ እንጨት ከእጁ ወደቀ።

«ረጅም ነበር» አለ አንዱ በመጨረሻ፣ የራሱን ክንድ ዘርግቶ። «ከኔ በሁለት ጣት ይበልጣል።»

«ኧረ ከዚያ በላይ ነው!»

«እኔ አውቃለሁ፣ ሱሪዬን ለክቶ ሸጦልኛል!» ግቢው ሙሉ ሰው ክንዱን ዘርግቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይከራከር ጀመር።

ብልሃቱ የመጣው ከልብስ አጣቢዋ ነው። «ቆይ ምን ያጨቃጭቀናል?» አለች። «እኔ ቤት ያለው መጋረጃ እሳቸው የለኩት ነው። ስድስት ክንድ ብዬ ገዝቼ አንዲት ክር አልቆረጥኩለትም። እሱን ለክቶ ለስድስት ማካፈል ነው!» ይህን ብላ እየሮጠች ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው የጨርቅ ገበያ መሰለ። ነገ ያንን ሟች ሱቁ የማያስገባውን ሜትር አወጣ። መጀመሪያ የአጣቢዋ መጋረጃ ተዘረጋ፤ ሦስት ሜትር ከስልሳ፣ ለስድስት ሲካፈል ክንዱ ስልሳ ሳንቲም።

«ስልሳ ሳንቲም ክንድ?» አለ ዲሬክተሩ። «የሰው ክንድ አይደለም ይሄ። እንደገና ለካ።»

እንደገና ተለካ፣ ያው ስልሳ ነው። የጫማ ሰፊው ሚስት የአልጋ ልብስ ሃምሳ አምስት ሆነ። የላጤው መምህር መጋረጃ ሃምሳ። ዲሬክተሩ ሰው ልኮ ከሳሎኑ ያስመጣው የጠረጴዛ ልብስ፣ ተወጥሮም ተስቦም፣ አርባ ስምንት!

«አርባ ስምንት?» አለ ዲሬክተሩ። «ለገዛ ወንድሙ?»

የእታለም ልጅ ነርስ ናት፣ ቁጥር ቶሎ ይገባታል። ከጨርቅ ጨርቅ እየተዘዋወረች ቆየችና፣ «እማ» አለች፣ «አየሽው? እትዬ አጣቢ ስንት ልጆች አሏት? አምስት። ጫማ ሰፊው ሦስት። መምህሩ ላጤ ነው። ጋሼ ደግሞ ጡረታም ቤትም አለው። አባዬ ክንዱ እንደ ሰዉ ችግር ነው የሚረዝመው!»

አጣቢዋ መጋረጃዋን ይዛ ቆመች። አምስት ልጆቿን ከሷ አልጋ የሚጋርድላት መጋረጃ ነው፤ እንዴት ከዳር እስከ ዳር እንደደረሰላት አስባው አታውቅም። «ታዲያ እኮ ሲሰድቡኝ ነበር!» አለች። «አንዲት ጣት አልጨምርልሽም፣ ውጪልኝ ከሱቄ ብለውኝ እኮ፣ ወጥቼ ስረግማቸው ነበር!» ይህን ተናግራ አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ትስቃለች። ብዙ ሰው እንደሷ ሆነ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ፣ ልብ የሚያሞቅ ለቅሶ፣ በዚያ ቤት ሦስቱንም ቀን አልተለቀሰም ነበር።

ዲሬክተሩ የጠረጴዛ ልብሱን ቀስ ብሎ አጠፈ። «ትክክለኛው ክንዱ የኔ ነው ማለት ነው» አለ። ትንሽ አሰበበትና ቀና አለ። «ቢያንስ እኔን አልዋሸኝም።»

«እሺ፣ እኔ አሁን በየትኛው ልሥራ?» አለ ነገ። «በችግረኛው ነው በሀብታሙ?»

ሁሉም ወደ እታለም ዞሩ። እሷ ግን ወደ ቤቱ ውስጥ ነው የምታየው፤ ወደ ትልቁ መስኮት።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ስድስት ክንድ የመጋረጃ ጨርቅ ግዢ ብላ ላከቻት። አንድ ቁመተ ረጅም፣ ግንባሩን የቋጠረ ወጣት ባንኮኒው ላይ ለክቶ ቆርጦ ሰጣት፤ ቀና ብሎም አላያት። ቤት ወስደው ሲሰቅሉት መስኮቱን አልፎ፣ ግድግዳውን ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ተከመረ። እናቷ አየችው፣ ልጅቷንም አየች። «ይሄ ሰው ወይ መቁጠር አያውቅም፣ ወይ አንቺን አይቶሻል» አለች። እታለም ታማኝ ልጅ ነበረች፤ ትርፉን ልትመልስ ሄደች። ወጣቱ ጆሮው ድረስ ቀላና ጮኸባት። «እኔ ስለካ ተሳስቼ አላውቅም! አጭሩ ያንቺ መስኮት ነው!»

ያንን መጋረጃ ስታገባ ይዛው መጣች፣ ትርፉን ወደ ላይ አጥፋ ሰፋችው። ይኸው እስከ ዛሬ ተሰቅሏል፤ ከታጠፈበት ተፈትቶ ግን አያውቅም።

«ያን መጋረጃ አውርዱልኝ» አለች። «መቀስም አምጡ።»

ስፌቱን ራሷ ተረተረችው። ጨርቁ ካጠፈችበት ወርዶ ወርዶ አላልቅ አለ። ውስጡ ፀሐይ ስላልነካው እንደ አዲስ ቀይ ነው። ነገ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«አራት ሜትር ከሃያ» አለ። «ክንዱ… ሰባ ሳንቲም።»

«እንዲህ ያለ ክንድ ያለው ዝንጀሮ ነው» አለ ዲሬክተሩ።

ነገ ሜትሩን ይዞ ከበሩ መቃን ተነሣ። በዲሬክተሩ የጠረጴዛ ልብስ ክንድ አሥራ ሁለት ሲቆጥር የመኝታ ቤቱ መስኮት መሃል ላይ ቆመ፤ መስኮት ለሁለት የሚሰነጥቅ በረንዳ ደግሞ ሰይጣንም አያዝም። በእታለም መጋረጃ ክንድ አሥራ ሁለት ሲቆጥር ከመስኮቱ አለፈ፣ ግድግዳውን ሄደ ሄደና አንዲት ስንዝር ሳይቀር የቤቱ ማዕዘን ላይ ደረሰ። ነገ ባርኔጣውን መሬት ላይ ፈጠፈጠው። «ይኸው! ይኸው ልኩ! ጋሽዬ የለካው በዚህ ነው!»

ሰዉ አጨበጨበ። በለቅሶ ቤት ይጨበጨባል? ተጨበጨበ እንግዲህ።

እታለም መጋረጃውን ጭኗ ላይ እንደያዘች ነው። ልጅቷ አጠገቧ ተንበረከከች። «እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች በሹክሹክታ። «ማክሰኞ ዕለት፣ ከተጣላችሁ በኋላ፣ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጥቼ ነበር። አባዬ ከግድግዳው ጋ ተደግፎ ይስቃል። አፉን በእጁ አፍኖ፣ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ዝም በይ፣ ጉዷን ቅዳሜ ታያለች አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ስታኮርፊ ደስ ይለዋል ብዬ ተናድጄበት ነበር።»

«ሳቀ?» አለች እታለም።

«እንባው እስኪወርድ።»

«አንተ ስትሞት እሠራዋለሁ ስለው፣ ሳቀ?»

«እማ፣ ቆሞ መሄድ አልቻለም እኮ።»

እታለም ልጇን ያዘቻትና ፊቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። ከሐሙስ ጀምሮ ሲከነክናት የነበረው ነገር ለቀቃት። አለቀሰች፤ እንደፈለገች፣ ጮክ ብላ፣ ሳታፍር። «አንተ ተንኮለኛ!» እያለች ነበር የምታለቅሰው። «አንተ ጉደኛ! ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ያስኮርፋል?» ሰዎቹ ይህ ለቅሶ የደስታ ይሁን የሐዘን መለየት አቃታቸው። እሷም ብትጠየቅ አትለየውም ነበር።

«እንግዲህ እንጨቱ አይበቃም» አለ ነገ በመጨረሻ። «ቋሚም ይቀየራል። ወርክሾፕ ደርሼ ልምጣ። እንግዲህ ዛሬ እሑድ ነው፣ ምናልባት ነ…»

ቃሉን አልጨረሰውም። ዲሬክተሩ የፒካፑን በር ከፍቶ፣ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ፣ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ተቀምጧል። ቁልፉ በእጁ ነው።

«ንዳ» አለው። «ወንድሜ አሥራ አንድ ቀን ጠብቆሃል። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ አሥራ አንድ ወር እጠብቅሃለሁ።»

በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመለሱ። ይህ በነገ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ዲሬክተሩ ከዚያ ቀን ወዲያ በየጠዋቱ ሄዶ ያመጣዋል፣ ማታ ወስዶ ያደርሰዋል፤ ነገም ተስፋ ቆርጦ በሰዓቱ መሥራት ጀመረ። ቆርቆሮ ተመታ፣ ወለል ተነጠፈ። መምህሩ ቀለም ቀባ፣ ግማሹን ራሱ ላይ። የጫማ ሰፊው ሚስት ለሠራተኞቹ ሻይ ስትቀዳ «እግዜር ያጽናችሁ» ትላቸዋለች፣ አፏ ለምዶባት። በስድስተኛው ቀን ከበሩ እስከ ማዕዘኑ የሚዘልቅ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተገጠመ፤ ዲሬክተሩም ባርኔጣውን ደፍቶ በበረንዳው ጣሪያ ሥር ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፣ ምንም አልነካውም።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ተሰናብቶ ሄደ። ልጅቷ ጓዳ ብርጭቆ ታጥባለች። እታለም ግድግዳውን ይዛ ብቻዋን ወጣች፤ ደረጃ የለም፣ ጭቃ የለም፣ እግሯ የሚረግጠው ለስላሳ ጣውላ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ጉልበቷ ድረስ መጥቶ እዚያ ቆመ።

መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል። ሦስት ዓመት በድምፅ ብቻ ያወቀቻቸው ሰዎች ፊት አወጡ። ያ እየዘመረ የሚያልፈው ብስክሌተኛ ሽማግሌ ነው ለካ! ያቺ ስልኳ ላይ የምትጨቃጨቀው ደግሞ እንዴት ያለች ቆንጆ ናት! እታለም አንዱንም እንዳያመልጣት አንገቷን ወዲያና ወዲህ ትላለች።

ልብስ አጣቢዋ የልብስ ጥቅል ተሸክማ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። «እትዬ! እንዴት ነው ታዲያ በረንዳው?»

እታለም በቀኝ በኩል አየች። በግራ በኩል አየች። ከሥር ያለው እንጨት ሞቋል።

«ጠባብ ነው!» ብላ ጮኸችላት። «ምኑም አይረባም!»

አጣቢዋ ጥቅሉ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች፤ እያነሣችም፣ እየሄደችም ትስቃለች። እታለምም ብቻዋን ጥቂት ሳቀች። ከዚያ ወደ ዳር ጠጋ አለችና ካጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ ጠራረገችው።